ከአሮጌ ሐረግ ደረቅ ነጭ ወይን፦ የቱን መንገድ ልምረጥ?

ሐዋሳ፣ አክስቴ ግቢ ውስጥ አንድ የወይን ሐረግ አለ። የተተከለው በ1974 ዓ.ም. ነው። ግንዱ ዛሬ የጎልማሳ ክንድ ያክላል። ዳሱ ከበረንዳው ተነስቶ የውኃ ታንከሩን አልፎ አጥሩ ላይ ወጥቷል። ለብዙ ዓመት ፍሬውን የሚካፈሉት የሰፈር ልጆች፣ ወፎችና ጦጣዎች ነበሩ። ሐይቁ አጠገብ የኖረ ሰው ጦጣ ምን እንደምታደርግ ያውቃል፤ ፍሬው ሊበስል ሁለት ቀን ሲቀረው ትመጣለች።

አንድ ዓመት ቀደምኳት። 24 ኪሎ ገደማ ለቀምኩና ለሁለት ከፈልኩት። ግማሹን በአንድ መንገድ፣ ግማሹን በሌላ መንገድ ጠመቅኩት። ከዚያ ወዲህ ሰው "የቱ ይሻላል?" እያለ ይጠይቀኛል። ግቢው ውስጥ አሮጌ ሐረግ ያለው አለ። ሱቅ ላይ "ከአሮጌ ሐረግ የተሠራ" የሚል ጠርሙስ አይቶ ዋጋው ያስደነገጠውም አለ። ይህ ጽሑፍ ለሁለቱም ነው። የጠማቂውን ምርጫ ያወቀ ሰው ገዢም ሲሆን አይሳሳትም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። አሮጌ ሐረግ በራሱ ጣዕም አለው። ስለዚህ ሁለት መንገድ ሲገጥመኝ ያንን ጣዕም የማይሸፍነውን እመርጣለሁ። አንዳንድ ቦታ ግን ሙቀታችን ሌላ ምርጫ ያስገድዳል፤ እዚያ ላይ ስደርስ እናገራለሁ።

መጀመሪያ "ደረቅ" ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው ደረቅ ሲባል ጉሮሮ የሚይዝ፣ ኮምጣጣ ነገር ይመስለዋል። ደረቅ ማለት እርሾው ስኳሩን በልቶ ጨርሷል ማለት ነው። ጠጅ የሚጥል ቤት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ብርዝ ጣፋጭ ነው። እየበሰለ ሲሄድ ጣፋጩ ይቀንሳል፣ አልኮሉ ይጨምራል። ወይኑም እንደዚያው ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ደረቅ ለመባል የቀረው ስኳር በአንድ ሊትር ከ4 ግራም መብለጥ የለበትም፤ አሲዱ ከፍ ካለ ትንሽ ይፈቀድለታል።

እኛ አገር ወይንን በኮካ ወይም በስፕራይት መቀላቀል የተለመደ ነው። ርካሽ ቀይ ወይን ከሆነ አልቃወምም። ከ40 ዓመት ሐረግ የወጣ ደረቅ ነጭ ላይ ግን ስፕራይት አትጨምሩበት። ስኳሩን ለማስወገድ ሳምንታት የተለፋበትን ነገር መልሶ ማጣፈጥ ነው።

አሮጌ ሐረግ ወይስ ወጣት?

ወይን ከተተከለ በሦስተኛው ዓመት ገደማ ፍሬ ይሰጣል። ከዚያ እስከ 20 እና 25 ዓመት ባለው ጊዜ ምርቱ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ይቀንሳል። ለነጋዴ ይህ ኪሳራ ነው፤ ብዙ አሮጌ ማሳ የተነቀለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለጠማቂ ግን ሌላ ነገር አለው። ሐረጉ ጥቂት ዘለላ ብቻ ስለሚይዝ ያለውን ለእነሱ ይሰጣል። ሥሩ ወደ ታች ርቆ ስለሄደ አንድ ሰሞን ዝናብ ቢቀር አይደነግጥም። ወፍራሙ ግንድ ደግሞ የምግብ ስንቅ ያከማቻል። በእኔ ልምድ የአሮጌ ሐረግ ትልቁ ጥቅም ይህ የተረጋጋ ጠባዩ ነው። አንዱ ዓመት ከሌላው ብዙ አይራራቅም።

ስንት ዓመት ሲሞላው ነው አሮጌ የሚባለው? ፈረንሳዮች ጠርሙስ ላይ "አሮጌ ሐረግ" ብለው ሲጽፉ የሚያስገድዳቸው የዕድሜ ሕግ የለም። በአውስትራሊያ የባሮሳ ሸለቆ ጠማቂዎች እ.ኤ.አ. በ2009 የራሳቸውን ደረጃ አወጡ፤ ከ35 ዓመት ይጀምርና 70፣ 100፣ 125 እያለ ይወጣል። በደቡብ አፍሪካም 35 ዓመት የሞላው ማሳ ልዩ ማኅተም ያገኛል፤ ማኅተሙ ላይ የተተከለበት ዓመት ይጻፋል። ዓለም አቀፉ የወይን ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2024 ያንኑ 35 ዓመት ተቀበለ። አንድ ማሳ አሮጌ ለመባል ከሐረጎቹ 85 በመቶው ይህን ማሟላት አለባቸው።

በዚህ መለኪያ የአክስቴ ሐረግ አልፏል። ሐዋሳ ራሷ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ስለሆነ ከዚህ ብዙ የሚበልጥ ሐረግ በከተማችን ማግኘት ከባድ ነው።

በሌላ በኩል ባቱን ተመልከቱ። ከሐዋሳ ወደ ሰሜን 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዝዋይ የምንለው። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ወይን ጠማቂ ኩባንያ እዚያ ማሳ የተከለው እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ ነው፤ ወይኑ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። በ35ቱ ዓመት ሚዛን ገና ልጅ ነው። ግን ሪፍት ቫሊ በሚል ስም የሚሸጠው ሻርዶኔ ንጹሕ፣ ፍሬያማ፣ ለዕለት ማዕድ የሚሆን ደረቅ ነጭ ነው። ወጣት ሐረግ መጥፎ ወይን አይሰጥም። ለፍላጎታችሁ ቀላል፣ ቀዝቃዛ፣ ቶሎ የሚጠጣ ነጭ የሚበቃ ከሆነ ለአሮጌ ሐረግ እጥፍ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም።

አሮጌነት የማያድነውም ነገር አለ። ብዙ አሮጌ ሐረጎች ቅጠል የሚጠቀልል ቫይረስ ይዘው ይኖራሉ፤ እንዲህ ያለው ሐረግ ፍሬው ይዘገያል፣ ስኳሩም አይሞላም። ግቢ ውስጥ ደግሞ የልብስ እጣቢ ውኃ በየቀኑ የሚደፋበት ሐረግ አለ። እሱ 50 ዓመት ቢሞላውም ውኃ ውኃ የሚል ፍሬ ነው የሚሰጠው። አሮጌ ሐረግ ያላችሁ ሰዎች መጀመሪያ ውኃውን ቀንሱ። ከዚያ ፍሬው እንደ አተር ሳለ ከሦስት ዘለላ አንዱን ቁረጡ። እጅ ይሳሳል፤ አውቃለሁ። አክስቴም ያንን ቀን አኩርፋኝ ውላለች።

ዝርያውንም እወቁ። ብዙው የግቢ ወይን ለመብል የተተከለ ነው፤ ፍሬው ትልቅ፣ ልጣጩ ስስ፣ አሲዱ ዝቅተኛ ነው። ለጠመቃ የሚመረጠው ትንሽ ፍሬ፣ ወፈር ያለ ልጣጭና ጠንካራ አሲድ ያለው ነው። የመብል ወይን ከሆነ ቀደም ብላችሁ ልቀሙ፤ አሲዱን የምታተርፉት በዚህ ብቻ ነው።

ቀደም ብሎ መልቀም ወይስ ማቆየት?

እዚህ ላይ ሙቀታችን ይወስናል። ፍሬ ሲበስል ስኳሩ ይወጣል፣ አሲዱ ይወርዳል። በሞቃት ቦታ አሲዱ ቶሎ ይቃጠላል። እኛን የሚያድነን ከፍታችን ነው፤ ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል፣ አሲዱም ትንሽ ይተርፋል።

ስኳር የሚለካ መሣሪያ፣ ሪፍራክቶሜትር የሚሉት፣ ካገኛችሁ ከ20 እስከ 22 ብሪክስ ላይ ልቀሙ። ይህ ከ11.5 እስከ 12.5 በመቶ አልኮል ይሆናል። 24 እስኪደርስ ከጠበቃችሁ ወይኑ ከባድ፣ አፍ ውስጥ የሚሞቅና ሕይወት የሌለው ይሆናል። ቀደም ብሎ 18 ላይ ከተለቀመ ደግሞ ውኃ ያዘለ ኮምጣጣ ነው። መሣሪያ ከሌለ ፍሬውን ከፍታችሁ ዘሩን እዩ። አረንጓዴ ከሆነ አልደረሰም፤ ቡናማ ሆኖ ሲታኘክ ኮሽ ካለ ደርሷል።

የሚለቀመው ጎሕ ሲቀድ ነው። ፀሐይ ከወጣ በኋላ የተለቀመ ፍሬ ሞቆ ይገባል፤ የሞቀ ፍሬ መዓዛው ቶሎ ይበናል። ሻጋታ የያዘውን ዘለላ ያለ ርኅራኄ ጣሉት። ጥቂት የሻገተ ፍሬ ሙሉውን ጠርሙስ ያበላሻል።

ወዲያው መጭመቅ ወይስ ከልጣጩ ጋር ማቆየት?

ነጭ ወይን ከቀይ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ቀዩ ከነልጣጩ ይፈላል። ነጩ መጀመሪያ ይጨመቃል፣ ከዚያ ጭማቂው ብቻውን ይፈላል።

የመጀመሪያውን 12 ኪሎ ዘለላውን ሳልፈለፍል ንጹሕ ማጥለያ ጨርቅ ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ ጨመቅኩት። 7 ሊትር ገደማ ወጣ። ይህ መንገድ ንጹሕ፣ ለስላሳ፣ ከመራራነት የራቀ ጭማቂ ይሰጣል። ጉዳቱ ጭማቂው ማነሱ ነው፤ ሌላው ጉዳቱ የልጣጩ መዓዛ አብሮ አለመምጣቱ ነው። የመጨረሻውን ጠብታ ለማውጣት ጠምዝዛችሁ አትጭመቁ። መራራው ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ሁለተኛውን 12 ኪሎ ፈልፍዬ፣ ጨፍልቄ ከልጣጩ ጋር አንድ ሌሊት ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩት። መዓዛው ያስደንቃል፤ የኮክና የደረቀ ብርቱካን ልጣጭ ጠረን አለው። ግን ከልጣጩ ፖታሲየም ስለሚወጣ አሲዱ ይወርዳል። ምላስም ላይ ያልተጣፈጠ ሻይ የሚተወው ዓይነት መያዝ ይመጣል።

ጆርጂያውያን ይህን መንገድ ጫፍ ድረስ ይወስዱታል። ነጩን ወይን ከነልጣጩ፣ ከነዘሩ መሬት ውስጥ በተቀበረ ትልቅ የሸክላ ጋን ውስጥ ለወራት ያቆዩታል። ጋኑን ቅቬቭሪ ይሉታል። ወይኑ የማር ቀለም ይዞ ይወጣል። ዩኔስኮ ይህን ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2013 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ጠጃችንን ለሚያውቅ ሰው ያንን ቀለም በብርሌ ማየት እንግዳ አይሆንበትም።

የቱን ልምረጥ? ፍሬያችሁ ጠንካራ አሲድ ካለው ከ4 እስከ 8 ሰዓት ከልጣጩ ጋር ማቆየት ያዋጣል። ግን ቀዝቃዛ ቦታ መሆን አለበት። አሲዱ ዝቅ ያለ ወይም የመብል ወይን ከሆነ ወዲያው ጭመቁ። የአሮጌ ሐረግ ጭማቂ ያለ ልጣጩም በቂ መዓዛ ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ የኔ ምርጫ ወዲያው መጭመቅ ነው።

በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ ጭማቂውን ከ12 እስከ 24 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ድፍርሱ ይወርዳል። ከላይ ያለውን ንጹሑን በቱቦ ሳቡ፤ የጉሉኮስ ቱቦ ጥሩ ይሠራል። ይህችን ቀን የዘለለ ሰው ኋላ የበሰበሰ ጎመን የሚሸት ወይን ይገጥመዋል።

የራሱ እርሾ ወይስ የተገዛ?

ጠጅና ጠላ እርሾ ሳይገዛለት ይበስላል። ጌሾው ላይ፣ ማሩ ውስጥና ዕቃው ላይ ያለው እርሾ ይበቃዋል። የወይን ፍሬም ላይ እንዲሁ አለ። በዓለም ላይ በአሮጌ ሐረግ የታወቁ ብዙ ጠማቂዎች እርሾ አይጨምሩም። ወይኑ ቦታውን እንዲመስል ይፈልጋሉ። ሲሳካ ውጤቱ የበለጠ ጥልቀት አለው፤ ልቤም ወደዚያው ይሳባል።

ግን እነሱ ብዙ ሺህ ሊትር አላቸው፤ ብልሽት ቢመጣ የሚያስተካክል ሙያተኛም አላቸው። እኔ ጥቂት ሊትር ብቻ ነው ያለኝ። በራሱ እርሾ የተውኩት ክፍል ለመነሳት አምስት ቀን ፈጀበት። በነዚያ ቀናት ጥቃቅን ዝንቦች ሽታውን ተከትለው መጡ፤ ዝንቧ ይዛ የምትመጣው ደግሞ የአቼቶ ባክቴሪያ ነው። ከአቼቶ ያመለጥኩት ለጥቂት ነው። ስኳሩም ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ቆመብኝ። ደረቅ ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ስጋት ነው።

ለወይን ተብሎ የተዘጋጀ ደረቅ እርሾ ያለበት 5 ግራም ፓኬት ለ20 ሊትር ይበቃል። በማግስቱ ይነሳል፤ ስኳሩንም እስከ መጨረሻው ይበላል። በእኛ ሙቀት፣ በትንሽ ዕቃ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጠምቅ ሰው የምመክረው ይህንን ነው። ከላይ ሙቀታችን ያስገድዳል ያልኩት አንዱ ቦታ ይኸው ነው።

የዳቦ እርሾስ? ዘሩ አንድ ነው፤ ያፈላዋል። ግን አልኮሉ ከፍ ሲል ቶሎ ይደክማል፣ በደንብ አይዘቅጥም፣ የሊጥ ጣዕምም ይተዋል። ለዚህ ወይን አትጠቀሙበት።

ቀዝቃዛ ማፍላት

ይህኛው ምርጫ የለውም። ነጭ ወይን ከ12 እስከ 18 ዲግሪ ላይ መፍላት አለበት። ከ25 በላይ ከወጣ መዓዛው ከጋዙ ጋር ይሄዳል። የሐዋሳ ቤት ቀን ላይ ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። እኔ ጠርሙሱን በትልቅ ሳፋ ውኃ ውስጥ አቆምኩት፣ እርጥብ ጨርቅ አለበስኩት። ጠዋትና ማታ በረዶ የሆነ የሃይላንድ ጠርሙስ ሳፋው ውስጥ እለውጥ ነበር። 17 ዲግሪ ላይ ያዘ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ የሚለውጥ ሰው ከሌለ ሥራውን ባትጀምሩት ይሻላል።

አፉን በጭራሽ አጥብቃችሁ አትክደኑ። ጋዙ መውጫ ካጣ ጠርሙሱ ይፈነዳል። ክዳኑን ብሱና ቱቦ አስገቡ፤ የቱቦውን ጫፍ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ንከሩት።

መስታወት፣ ጀሪካን፣ ጋን ወይስ እንጨት?

በዚህ ላይ ከአክስቴ ጋር ብዙ ተከራክረናል። እሷ ጋኗን ይዛ መጣች። በግራዋ ታሽቶ የታጠበ፣ በወይራ የታጠነ ጋን። "እትዬ፣ ወይን ነው እኮ፤ ጢስ ጢስ ይላል" አልኳት።

"ልጄ፣ ጋን የሚታጠነው ለሽታው ብቻ መሰለህ? ካላጠንከው ይኮመጥጥብሃል" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ጢሱ ዕቃውን ያጸዳል። አውሮፓውያንም በርሜላቸው ውስጥ ሰልፈር የሚያጨሱት ለዚሁ ነው፤ የኦክ በርሜሉን ውስጥም በእሳት ይጠብሱታል፣ የቫኒላና የተቆላ ለውዝ ጣዕም የሚመጣው ከዚያ ነው። ሐሳቡ አንድ ነው። ልዩነቱ የወይራ ጢስ ኃይለኛ መሆኑ ነው። ማርና ጌሾ ይሸከመዋል። ስስ ነጭ ወይን ግን አይችለውም።

የኦክ በርሜልስ? መደበኛው 225 ሊትር ይይዛል። ለእኛ አይሆንም። ትንሽ በርሜል ብታገኙ እንኳ ከወይኑ መጠን አንጻር እንጨቱ ስለሚበዛ በጥቂት ሳምንት ጣዕሙን ይሸፍነዋል። እንጨት የሚያስፈልገው አየር ቀስ ብሎ እንዲገባና ወይኑ እንዲከብድ ለሚፈልግ ነው። ለዚህ ደግሞ ልባም ጠማቂዎች 500 ወይም 600 ሊትር የሚይዝ፣ ብዙ ጊዜ ያገለገለ በርሜል ይመርጣሉ። ገዢ ከሆናችሁ ይህን ያዙ፤ ከአሮጌ ሐረግ ተሠርቶ በአዲስ በርሜል ውስጥ የታጨቀ ወይን የምትጠጡት ብዙ ጊዜ እንጨቱን ነው።

ጀሪካን ርካሽ ነው፣ አይሰበርም። ለማፍላት ይሆናል፣ ለማቆየት ግን አይሆንም፤ ፕላስቲክ አየር ያስገባል። ሁለተኛውን ክፍል ያፈላሁበትን ጀሪካን የገዛሁት "አዲስ ነው" ተብዬ ነበር። ሦስት ጊዜ ካጠብኩት በኋላ ነው የዘይት ሽታ እንዳለው የገባኝ። ሽታው ወይኑ ላይ በጣም አልወጣም፤ ግን እኔ አውቀዋለሁ። ጀሪካን ስትገዙ ክዳኑን ከፍታችሁ አሽትቱ።

ትልቅ የመስታወት ጠርሙስ ለቤት ጠማቂ ይበልጣል። ጣዕም አይጨምርም፣ አየር አያስገባም፣ የሚሆነው ሁሉ ይታያል። ፋብሪካዎች በማይዝግ ብረት ጋን የሚሠሩትን እኛ በመስታወት እንሠራለን። ፍላቱ ሲያልቅ ግን እስከ አንገቱ ሙሉት። ባዶ ቦታ ካለ ወይኑ እንደተገመሰ ፖም ይጠቁራል።

አንቡላው ላይ ማቆየት ወይስ ማጥለል?

ፍላቱ ሲያልቅ የሞተው እርሾ ከታች ይዘቅጣል። ከጠጅ አንቡላ ጋር ዘመድ ነው። መጀመሪያ የሚወርደው ወፍራሙ ነው። እሱን በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ለዩት፤ ካልሆነ ይሸታል። ከዚያ በኋላ የሚወርደው ስስ አንቡላ ግን ጌጥ ነው። እርሾው ሲፈራርስ ለወይኑ ውፍረትና የትኩስ ዳቦ ጠረን ይሰጠዋል፤ ከአየርም ይጠብቀዋል።

በፈረንሳይ የሎዋር ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት አካባቢ ሙስካዴ የሚባል ደረቅ ነጭ አለ። የወይኑ ዝርያ በራሱ ዝምተኛ ነው። አንቡላው ላይ የቅዝቃዜውን ወራት ሲያሳልፍ ግን ከባሕር ምግብ ጋር የሚወደድ ወይን ይሆናል።

ቶሎ የሚጠጣ፣ ጥርት ያለ ወይን ከፈለጋችሁ አጥልላችሁ ከሁለት ወር በኋላ ጠርሙስ ውስጥ አስገቡ። የአሮጌ ሐረግ ከሆነ ግን ከ3 እስከ 6 ወር ስሱ አንቡላ ላይ አቆዩት። በሳምንት አንድ ጊዜ ቀስ አድርጋችሁ አማስሉት። ከምርጫዎቹ ሁሉ የማላመነታበት ይህ ነው። የመጀመሪያው ክፍል በሁለተኛው ወር ላይ ሎሚና ውኃ ይመስል ነበር። በአምስተኛው ወር ሌላ ወይን ሆነ።

ሌላ አንድ ምርጫ በአጭሩ። ባክቴሪያ የአረንጓዴ ፖም ዓይነቱን ስለታም አሲድ ወደ ወተት ዓይነቱ ለስላሳ አሲድ ይለውጠዋል። በቀዝቃዛ አገር ይፈለጋል። እኛ ዘንድ አሲዱ ቀድሞም ስለሚያንስ እንዳይነሳ መከልከል ይሻላል። የሚከለከለው በቅዝቃዜና ፖታሲየም ሜታባይሰልፋይት በሚባል ወይንን ከብልሽት የሚጠብቅ ዱቄት ነው። ፍላቱ ካለቀ በኋላ ለ10 ሊትር 1 ግራም ገደማ ይበቃል። በግምት አትጨምሩ፣ በሚዛን ለኩት። አስም ያለበት እንግዳ ካላችሁም ንገሩት፤ ሰልፋይት አንዳንዱን ያስነሳበታል።

ለሚገዛ ሰው

ሱቅ ላይ ሼኒን ብላን ከሚባለው ዝርያ የተሠራ የደቡብ አፍሪካ ነጭ ወይን ካገኛችሁ ጀርባውን አንብቡ። በዚያ አገር ብዙ አሮጌ የሼኒን ሐረግ አለ። ከላይ ያልኩት ማኅተም ካለው የተተከለበት ዓመት ተጽፎበታል። ዓመት የሌለው "አሮጌ ሐረግ" የሚል ጽሑፍ ብቻ ከሆነ ዋጋውን ለማስወደድ በቂ ምክንያት አይደለም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ሳንቶሪኒ ከምትባለው የግሪክ ደሴት የሚመጣውን አሲርቲኮ የተባለ ነጭ ወይን ፈልጉ። እዚያ በእሳተ ገሞራ አሸዋ ላይ ሐረጉን እንደ ቅርጫት ጠምዝዘው መሬት ላይ ያስተኙታል። ከ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአውሮፓን ወይን የጨረሰው የሥር ተባይ እዚያ አልደረሰም። ሐረጎቹ በገዛ ሥሮቻቸው የቆሙ፣ እጅግ ያረጁ ናቸው።

የቱንም ብትመርጡ ጠርሙሱ የት እንደቆየ እዩ። አንድ ጊዜ በመስኮት በኩል ፀሐይ ሲመታው ከከረመ መደርደሪያ ላይ ጥሩ ነጭ ወይን ገዝቼ የተቀቀለ ፖም ጠጣሁ። ከጥላ የተቀመጠ ርካሽ ጠርሙስ ከዚያ ይሻላል።

ከምን ጋር?

የሐዋሳው አሳ ገበያ አሞራ ገደል ሄዳችሁ ትኩስ ቆሮሶ አሳ ካመጣችሁ፣ ጠብሳችሁ ሎሚና ዳጣ ካቀረባችሁ ወጣቱ፣ ወዲያው የተጨመቀው፣ ጥርት ያለው ወይን ይስማማዋል። 8 ዲግሪ ላይ ይቅረብ። አንቡላ ላይ የቆየው የአሮጌ ሐረግ ለአሳ ጉላሽና ለሾርባ ነው፤ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ፣ ከፍሪጅ ወጥቶ ሩብ ሰዓት ቆይቶ። ቡርሳሜ የሚባለው የሲዳማ የቆጮ ምግብ ላይ ያለውን ቅቤ የሚቆርጠው አሲድ ነው፤ ሼኒን እዚያ ጋር በጣም ደስ ይላል። ከልጣጩ ጋር ያደረው ደግሞ አምባዛ አሳን ይችላል። ለዶሮ ወጥ ከነዚህ አንዱንም አልመክርም፤ በርበሬውና አልኮሉ ተደጋግፈው ያቃጥላሉ። ትንሽ ጣፋጭነት ያለው ይሻላል።

በመጨረሻ ሁለቱንም ጠርሙሶች አክስቴ በረንዳ ላይ፣ ሐረጉ ሥር፣ ከተጠበሰ ቆሮሶ ጋር ከፈትናቸው። የመጀመሪያው ወዲያው የተጨመቀው፣ በመስታወት የፈላው፣ አምስት ወር አንቡላው ላይ የቆየው ነው። ሁለተኛው ከልጣጩ ጋር ያደረው፣ በራሱ እርሾ የፈላው፣ ትንሽ ስኳር የቀረበት ነው። እኔ የመጀመሪያውን መረጥኩ። እሷ ሁለቱንም ቀመሰች፣ ሁለተኛውን ወደ ራሷ ሳበች፣ "ይሄ ነው ጠጅ የሚመስለው" አለችና ደግማ ቀዳች።